በጉን ማን ጫነው?

(ሮቤ፣ የኤሌክትሪክ መኪና በፍጥነት ቻርጅ የሚደረግበት ጣቢያ፤ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል። ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ነጭ መኪኖች ከማሽኑ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ከዶዶላ የመጣው ቀመር ጠባቂውን አነጋግሮ ሲመለስ በስተግራ ካለችው ፊት ይቆማል። ክዳኑን በአውራ ጣቱ ይከፍታል፤ ቀዳዳውን በመሐረብ ይጠርጋል፤ እፍ ይልበታል፤ ወፍራሙን ገመድ ከማሽኑ አውርዶ፣ ሶኬቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀጭ እስኪል ይገፋዋል። ጓደኛው ባህሩ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ በብርድ ይንቀጠቀጣል።)

ባህሩ፦ እኔ የጠየቅኩህ ኮቴን ብቻ ነው።

ቀመር፦ እኔም የመለስኩልህ በሩ አይከፈትም ብዬ ነው። ሞክረህ የለ? መኪና ቻርጅ ላይ ስትሆን ራሷን ትቆልፋለች።

ባህሩ፦ ለምን?

ቀመር፦ ኤሌክትሪኩ እንዳይወጣ።

ባህሩ፦ ኤዬ፣ እሺ። (ያስባል) ታዲያ ኮቴንም ይይዘዋል?

ቀመር፦ ባህሩ፣ ዛሬ ነርቬን አትንካ። የሀዋኒ አባት ልጃቸውን እንዲጠይቁልኝ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች ሁለቴ መልሰዋል። አሁን ደግሞ “ልጁን ራሱን አምጡት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደሎ መና ልየው” ብለዋል። ከዘገየሁ ለሌላ ነው የሚድሯት። ፊታችን ሳነቴ ተራራ አለ፤ ያን ዳገት በባዶ ባትሪ የሚወጣው ቀይ ቀበሮ ብቻ ነው።

ባህሩ፦ እኔም ለዚሁ ነው የምጠይቅህ። ከተማው መግቢያ ላይ ዘጠኝ ፐርሰንት አልነበረንም? ማሽኑ ሲጀምር ሠላሳ አንድ ነው ያለው።

ቀመር፦ ከዲንሾ ቁልቁል ስንወርድ የሰበሰበችው ነው። ቁልቁለት ላይ ራሷን ትሞላለች ብዬህ የለ?

ባህሩ፦ ብለኸኛል። ሃያ ሁለት ፐርሰንት የሚያህል ቁልቁለት ግን አላየሁም።

ቀመር፦ ተኝተህ ነበራ።

ባህሩ፦ (በመስኮቱ ያጮልቃል) ቀመር፣ ኋላ ወንበር ላይ በግ አለ።

ቀመር፦ (ስልኩን እየነካካ) መስታወት ነው። ውጪ ያለውን እያሳየህ ነው።

ባህሩ፦ (ዞር ብሎ ያያል) ከኋላዬ በግ የለም።

ቀመር፦ እንግዲያው ሄዷላ።

ባህሩ፦ የመስታወቱ አልሄደም። እያመሰኳ ነው።

ቀመር፦ (ቀና ብሎ ያያል) ታላቅ ወንድሜ ነው። “አማት ቤት ባዶ እጅህን አትሂድ” ሲለኝ ነበር። ሳላይ ጭኖብኛል።

ባህሩ፦ ከዶዶላ እስከዚህ አንዴ እንኳ ሳይጮህ?

ቀመር፦ የደጋ በግ ጨዋ ነው።

ባህሩ፦ ኮቴ ወንበሩ ላይ የለም። በልቶት ይሆን?

ቀመር፦ ተኝቶበት ነው። አሁን ወዲያ ዞር ዞር በልና ሙቅ፤ እኔ እዚህ ልከታተል።

(ባህሩ ማሽኑን ዞሮ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቀመር ጉሮሮውን ጠርጎ ለሀዋኒ አባት የሚናገረውን ይለማመዳል፦ “አባቴ፣ እኔ አንድ ነገር ከመንካቴ በፊት አስር ጊዜ የማይ ሰው ነኝ።” ባህሩ ኮቱን ለብሶ ይመለሳል።)

ባህሩ፦ አሁን ሞቀኝ።

ቀመር፦ (ከስክሪኑ ዓይኑን ሳይነቅል) የሮቤ ፀሐይ እንዲህ ናት፤ ወጣ ስትል ታሞቃለች። እኔም ሞቆኛል።

(ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያልፋል። ነኢማ፣ በግ ነጋዴ፣ ቁልፏን እያንቃጨለች ትመጣለች። በስተግራ ያለችውን መኪና በር ትከፍታለች፤ ሶኬቱን ነቅላ ለቀመር ታስይዘዋለች።)

ነኢማ፦ አላህ ይስጣችሁ ልጆቼ። ቁርስ ልቅመስ ብዬ ገብቼ ወሬ ያዘኝ። ይሄን በግ ጎባ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ፤ እናንተ ባትሞሉልኝ ዛሬ ጉድ ነበርኩ።

(ትሄዳለች። በጉ በኋላ መስኮት ቀመርን እያየ ይርቃል። ቀመር ሶኬቱን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል።)

ቀመር፦ ባህሩ። የእኛ የት ናት?

ባህሩ፦ ያቻትና፣ ያቆምካት ቦታ። ጠባቂውን አነጋግረህ ስትመለስ ነው ወደዚህችኛዋ የዞርከው።

ቀመር፦ ታውቅ ነበር?

ባህሩ፦ መጀመሪያ አላወቅኩም። በኋላ የእኛዋ በር ተከፍቶልኝ ኮቴን ውስጧ ሳገኝ ገባኝ።

ቀመር፦ ታዲያ ለምን ዝም አልክ?

ባህሩ፦ የምታደርገውን የምታውቅ ሰው ነህ። አንድ የተቸገረ አይቶ ነው፣ ማሻአላህ አልኩ።

ቀመር፦ (ድንጋይ ላይ ይቀመጣል) አለቀልኝ። በዘጠኝ ፐርሰንት ጎባንም አልፌ አልሄድም።

ባህሩ፦ ስልሳ ስምንት።

ቀመር፦ ምኑ?

ባህሩ፦ የእኛዋ። ማሽኑ በወዲያ በኩልም ገመድ አለው፤ ጠባቂው አስጀመረልኝ። አንተ ስታደርግ እንዳየሁት ነው ያደረግኩት። ብቻ እኔ አስቀድሜ የማን መኪና እንደሆነች አየሁ።

ቀመር፦ (ተነስቶ ሱሪውን ያራግፋል) እኔም ሐሳቤ እንደዚያ ነበር። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ...

ባህሩ፦ ቀመር።

ቀመር፦ አቤት።

ባህሩ፦ ደሎ መና አባትየው ፊት የምናገረው እኔ ነኝ። አንተ እጅ ነስተህ ትቀመጣለህ።

ቀመር፦ ቢጠይቁኝስ?

ባህሩ፦ ወደ እኔ ታያለህ።

(ባህሩ ሄዶ መሪው ጋ ይቀመጣል። ቀመር የራሱን መኪና ታርጋ ሁለቴ ያነባል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ተመልካቹ ይዞራል።)

ቀመር፦ እናንተ፣ ደሎ መና ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬ አትደውሉ። ከኒካው በኋላ ታሪኩን እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ያኔ መኪና የተሳሳተው ባህሩ ይሆናል፤ አደራ፣ ያኔም እንዳታርሙኝ።