የግመሊት ሻኛና የጦጢት ቀይ ጨርቅ

ጠጋ ጠጋ በሉማ፣ ልጆቼ። አንተ ደግሞ እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ልቀቅላት። ኅዳር ነው፤ ኑጉ ታጭዷል፣ ብርዱም ገብቷል። ድሮ፣ በእንዲህ ያለው ወቅት፣ እንስሳት ኑግ የሚጨምቁበት የዘይት ቤት ነበራቸው አሉ።

ባለቤቱ አያ አንበሶ ነው። መጭመቂያውን ዙሪያውን እየዞረች የምታንቀሳቅሰው ግመሊት ናት። በጎች ዘይቱን በገንቦ ይቀዳሉ፣ አህያ ትሸከማለች። ዘይቱ ለሁሉም እንደ ድካሙ ይታደልና የተረፈው ለአያ አንበሶ ይሆናል። ትርፍ የሚለው እሱን ነበር። ታዲያ ይቺ ትርፍ አነሰችበት። "እዚህ ቤት ብክነት በዝቷል!" አለና፣ ማሻሻል የሚባለውን ነገር ተምራ እንድትመጣ ጦጢትን ወንዝ ማዶ ላካት።

ጦጢት ሄዳ፣ ሙዟን በልታ፣ መነጽር ሰክታ ተመለሰች።

"ምን ተማርሽ?" አላት።

"ትርፍ የሆነ ነገር ሁሉ ይወገድ!"

አያ አንበሶ ደስ አለው። "ጦጢት ያለችው ይሁን!" ብሎ አዘዘና ለአደን ወጣ። አዎ፣ አንበሳ አድኖ ነው የሚበላው፤ አታቋርጡኝ።

ጦጢት ቀይ ጨርቅ በእቅፏ ሙሉ ይዛ ግቢውን ዞረችው። "ይህ የታሰረበት ሁሉ ቅዳሜ ይወጣል!"

ፍየልን አየችው። "ይሄ ጢም ምን ይሠራል?"

"እመት ጦጢት፣ የአባቴ ነው እኮ!"

"አባትህ እዚህ አይሠራም።" አሰረችበት።

አህያን ደግሞ ጆሮዋ ላይ እያሰረች፣ "ጆሮሽ በዛ፤ ግማሹ ይበቃሻል" አለቻት።

"ኧረ እኔ በሙሉውም አልሰማ!" አለች አህያ።

ግመሊት ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። ተራው የእሷ መሆኑን መች አወቀች!

"አንቺስ፣ ይሄ ጀርባሽ ላይ የተቆለለው ምንድን ነው?"

"ሻኛዬ ነዋ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ስብ ነው።"

"ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ቁልል!" ጦጢት ዘላ ወጥታ አሰረችበት።

"እሱ ከወጣ እኔስ?"

"አብረሽው ትወጫለሻ።"

ግመሊት ሳቋን ትታ መጭመቂያውን አየች። ያን መጭመቂያ እናቷ ዞራበታለች፤ እሷም ልጇን የወለደችው እዚያው ጥላ ሥር ነው። ወዴት ትሂድ?

ቅዳሜ አያ አንበሶ መጣና ገንቦውን ሲከፍት ባዶ!

"ትርፌስ?"

"አስወገድነው፣ ጌታዬ!" አሉ በጎች በአንድ አፍ።

"ምን አላችሁ?"

"ለሁሉም ታድሎ ዘይት ተረፈ። ትርፍ ነው ብለን ወንዝ ደፋነው። ደግሞ እየዘፈንን!"

"ያ እኮ የሚፈለገው ትርፍ ነው! እናንተ ደደቦች!"

"ትርፍ ስንት ዓይነት ነው?" አለ አንዱ በግ።

ጦጢት መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። "የሚወገድ ትርፍ አለ። የሚፈለግ ትርፍም አለ።"

"በምን ይለያሉ?"

ጦጢት መነጽሯን እንደገና ጠረገች።

ይሄኔ ግመሊት ልጇን አስከትላ፣ ጨርቋ እየተውለበለበ፣ በሩ ላይ ቆመች። "አያ አንበሶ፣ ልሰናበት ነው። ግን እኔስ የትኛው ትርፍ ነኝ?"

አያ አንበሶ ባዶውን ገንቦ አየ። ያልተጨመቀውን የኑግ ክምር አየ። መጭመቂያው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"የሚፈለገው!" ብሎ ጮኸ። "የሚፈለገው ነሽ! ተመለሽ፣ እባክሽ!"

ከዚያ ወዲያ የፍየል ጢም አደገ። የአህያ ጆሮም እንዳለ ቀረ፤ መቼም ቀይ ጨርቅ ይበልጥ አስረዘመው እንጂ አላሳጠረውም። የወንዙ እንቁራሪቶች ድንጋይ ላይ ቆመው መዝፈን አቅቷቸው ሲንሸራተቱ ከረሙ። ጦጢት ሁለተኛውን ትርፍ ልትማር እንደገና ወንዝ ማዶ ተሻገረች፤ በጎች ግን ሳር እንኳ ሲተርፋቸው "ይሄኛው የትኛው ነው?" እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። አያ አንበሶ ያን ቃል ካፉ አላወጣም፤ "ያ ነገር" ነው የሚለው።

ግመሊትስ? ቀዩን ጨርቅ አልፈታችውም። "የሚፈለገው ትርፍ ምልክት ነው" ብላ ለልጇም አንድ አሰረችላት።