የቤት መኪናዋ በር

ሰው በስንፍናው ሲጎዳ ብዙ ጊዜ አይታችኋል። በሙያው የሚጎዳውን ግን ማንም ልብ አይለውም፤ እንዲያውም የሚጎዳው "እጅህ ይባረክ" እየተባለ ነው። እኔም እጄ ስንት ጊዜ እንደተመረቀ አልቆጥረውም። ያም ሆኖ ከዚህ እጄ ጋር እስከ ዛሬ አልታረቅንም። ጉዳዩን ልንገራችሁና ፍርዱን እናንተ ስጡ።

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። የክትባት ቡድኑ የሚጠቀምባት አንዲት የቤት መኪና ነበረች፤ ፈረንጆች ለሽርሽር የሚነዷት፣ ውስጧ አልጋና ምድጃ ያላት ዓይነት። ከጎኗ ትልቅ የዕቃ ማስቀመጫ አላት። በሩ ወደ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ከፍ አድርገው የሚያቆሙትም ጋዝ የታመቀባቸው ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። የእሷ ዘንጎች ጋዛቸው አልቆ ኖሮ፣ አንድ ቀን ሾኔ ገበያ ላይ በሩ ወርዶ የነርሷን የሲስተር አበበችን ግንባር መታ። ተጠራሁ።

"መለዋወጫ የለውም፤ ለጊዜው እኔ እይዘዋለሁ" አልኩ።

ለጊዜው ያልኩት ዓመት አለፈው። ዛሬ ሾኔ፣ ነገ ዶዮገና፣ በሩን በቀኝ እጄ ሽቅብ ይዤ እቆማለሁ፤ ሲስተር አበበች ከክንዴ ሥር ጎንበስ ብላ መርፌውን፣ ጥጡን፣ የክትባቱን ሣጥን ታወጣለች። ሻሿ ትከሻዬን ነካ ያደርገኛል። "ምነው በእንጨት ብትደግፉት?" ትሉኝ ይሆናል። ሾፌሩም ብሎ ነበር። እንጨት ቆርቆሮውን ያጎብጠዋል ብዬ፣ በባለሙያ ድምፅ፣ የከለከልኩት እኔ ነኝ።

እወዳት ነበር። "ወንድሜ" እያለች መጥራቷ ብቻ አይጥመኝም። ፍቅሬን በመናገር ፈንታ፣ እንድታየኝ ብዬ ክንዴን እያሻሸሁ "ውይ! ውይ!" ማለት ጀመርኩ። ሞኝነቴን ተመልከቱልኝ።

አንድ ጠዋት ረዘም ያለ ካርቶን ይዛ ጋራዥ ድረስ መጣች። መኪናዋን ለሰጡት ፈረንጆች ደብዳቤ ጽፋ ኖሯል፤ ካርቶኑ ውስጥ ሁለት አዳዲስ ዘንጎች አሉ።

"ክንድህ አሳዘነኝ፣ ወንድሜ" አለችኝ። "ላንተ ብዬ ነው ያስመጣሁት።"

ዘንጉ ተገልብጦ ከተገጠመ ማሸጊያው ቶሎ ደርቆ ጋዙ እንደሚያመልጥ አውቃለሁ። ማን ያየኛል? ካቻቢቴዬን ይዤ ብዙ አሰብኩ። የዚያን ዕለት በሩን የያዘችልኝ እሷ ነበረች፤ ከክንዷ ሥር የገባሁት ደግሞ እኔ። አሮጌዎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። እጄ ግን ማበላሸት እምቢ አለኝና አዲሶቹን አሳምሬ ገጠምኳቸው።

"ልቀቂው ሲስተር" አልኳት።

ለቀቀችው። በሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። እሷ በደስታ ሳቀች፤ እኔም የሳቅሁ መስያለሁ።

በዚያን ጊዜ ከወረዳ ወረዳ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። የእኔው ላይ የጉዞው ምክንያት "የመኪና በር ለመያዝ" ተብሎ፣ ማኅተም አርፎበት ተጽፏል። ጊዜው ሲያልፍ ላሳድስ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አየና ቀና አለ።

"በሩ ተሠራ ሲባል የሰማሁ መሰለኝ?"

"ተሠርቷል፣ ጓድ።"

"ማን ሠራው?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። "አንድ ሰው" ማለትም ይቻል ነበር።

"እኔ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ወረቀቱን ሳያድስልኝ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

በዶዮገና ገበያ ቀን የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ከመቀመጫዬ አስነሥቶኝ፣ አንድ ሙሉ ሰው በር ከመያዝ ነፃ ያወጣ ጓድ ብሎ አመሰገነኝ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በመስኮቱ የቤት መኪናዋ ወደ ዶዮገና መንገድ ስትታጠፍ አየኋት፤ ሲስተር አበበች ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ሮጬ ብወጣ እደርስባት ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ሰው በክፉ ይታያል።

እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።