ግማሽ ኮት

(የሕዝብ መካነ መቃብር፣ የታችኛው ጥግ። ሥራ ከጀመረ ሁለት ወሩ የሆነው ኃላፊ ጫማው መሬቱ ውስጥ ተሰንቅሮበታል። እዚሁ ጥግ የተቀበሩትን የሚስቱን አባት አጽም ነገ አስወጥቶ ላይኛው የቤተሰብ ቦታ ሊያሳርፍ፣ እማማ ለሚላቸው አማቱ ቃል ገብቷል። ሽማግሌው ቆፋሪ አካፋውን ተደግፎ ያየዋል።)

ኃላፊው፦ ጭቃ አይደለም አልኩዎት፣ ጋሼ። እርጥበት ነው።

ቆፋሪው፦ እሺ አለቃ። እግርዎን ግን እርጥበቱ አልለቅ ብሎታል።

ኃላፊው፦ ይልቅ የነገውን እናውራ። ሰባት ዓመት ከሞላ አጽም ብቻ ይቀራል፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል።

ቆፋሪው፦ መመሪያው የትኛውን አፈር አይቶ ነው?

ኃላፊው፦ አፈር ያው አፈር ነው።

ቆፋሪው፦ የላይኛው አሸዋማ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ አየር ያስገባል፣ የሰጡትን ቶሎ ይጨርሳል። ይኼ ጥቁር መረሬ ግን ውሃውን ታቅፎ ቁጭ ነው።

ኃላፊው፦ ሰነፍ አፈር ነው በሉኛ። መቆፈር የታከተው ሰው ሰበብ አያጣም።

ቆፋሪው፦ (ዝግ ብሎ) እንግዲያው እዚች አጥር ሥር ልቆፍር።

ኃላፊው፦ እዚያማ መቃብር የለም። ምን አለ?

ቆፋሪው፦ ግማሽ ኮት።

ኃላፊው፦ (በሐዘኔታ) ጋሼ፣ ትንሽ እረፍት ቢወጡስ?

ቆፋሪው፦ ልማዴ ነው። ሰው ስቀብር ከቤተሰቡ አሮጌ ልብስ ለምኜ ለሁለት እቀደዋለሁ። ግማሹን ላይ፣ ግማሹን እዚህ እቀብራለሁ። ጊዜው ሲደርስ መጀመሪያ የማየው ልብሱን ነው። የላይኛውን ጠዋት አወጣሁት። (ሦስት የኮት ቁልፎች መዳፉ ላይ ያስቀምጥለታል።)

ኃላፊው፦ የቀረውስ?

ቆፋሪው፦ ይኸው ነው የቀረው።

(ቆፍሮ ውሃ የሚንጠባጠብ የሱፍ ኮት ይጎትታል። እጅጌው፣ ክርኑ ላይ የተሰፋው ቆዳ እንኳ ደህና ነው። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ቆዳውን ይነካል።)

ኃላፊው፦ ይኼን ኮት… ልጃቸውን ለጋብቻ ልጠይቅ የሄድኩ ቀን ለብሰውት ነበር።

ቆፋሪው፦ እንግዲህ ኮቱ እንዲህ ከሆነ…

ኃላፊው፦ ገባኝ፣ አይጨርሱት። ነገ እማማ ፊት ከፍተነው ቢሆንስ? (ላቡን ይጠርጋል።) ይቆይ። ግን ምን ብዬ ልንገራቸው? ሳምንቱን ሙሉ መመሪያውን ሳስረዳቸው ሰነበትኩ፤ ዝም ብለው ሲሰሙኝ።

ቆፋሪው፦ አይድከሙ። ኮቱን ያኔ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ሰኞ ዕለትም መጥተው ስለ አፈሩ ጠይቀውኝ ሄደዋል።

ኃላፊው፦ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

ቆፋሪው፦ «እሱ ማስረዳት ይወዳል፣ ላቋርጠው አንጀቴ አልችል አለ። አንተ ኮቱን ብቻ አሳየው» አሉኝ። «ነገ ስመጣ ስለ መረሬ ያስረዳኛል።»