እናቴ እጇን ያወጣችበት ስብሰባ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ለጠላቴም አልመኝለት! ላይኩን ተዉትና ስሙኝ።

ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ ኢንሹራንስ ሻጭ ነኝ። የግል ካምፓኒ፣ ክራቫት፣ የቆዳ ቦርሳ፣ ሁሉም አለኝ። የጎደለኝ ደንበኛ ብቻ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ክልሉ የጤና መድን ሊጀምር ነው ተባለ። ሰው በየቤተሰቡ እየተመዘገበ፣ በጋራ እያዋጣ ይታከማል። ደሴ ያለው አለቃዬ ይሄን ሲሰማ ደነገጠ። እነሱ ሳይቀድሙን አገርህ ገብተህ ሰው ያዝ ብሎ ወደ ሰቆጣ ላከኝ።

መጣሁ። እናቴ ቤት እየበላሁ ለጎረቤቱ ሁሉ ስለ ካምፓኒዬ ስደሰኩር ሰነበትኩ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጉራዬን ነፋሁ።

"እኛ እንደ መንግሥት ያገኘነውን አንሰበስብም። በሽተኛ ከበር ነው የምንመልሰው!"

እናቴ ወጥ ጨመረችልኝ።

ዛሬ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። የጤና ባለሙያው አዲሱን መድን ሲያስረዳ እኔ ከኋላ ቆሜ በሆዴ እስቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ሁለት ነጋዴዎች ቃል ገብተውልኛል እኮ!

ከደሃና ወረዳ መጥተው እዚህ የሚኖሩ አንድ ቄስ ተነሥተው የታመመ ሰውም ይገባል ወይ ብለው ጠየቁ። ባለሙያው ይገባል አላቸው። የቀብር ዕድራችን ቅሬ ሰው መርጦ ይቀብራል እንዴ፣ ይሄም እንደዚያው ነው አለ። ከዚያ ማን ይጀምር ብሎ ሲጠይቅ አንዲት እጅ ብድግ አለች።

የእናቴ!

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጇ የሚሸጠውን እሷ ካልገዛች እኛ ምን ቤት ነን አለ አንዱ። ሁለቱ ነጋዴዎቼ አንገታቸውን ደፍተው ለመመዝገብ ተራ ያዙ። እኔ ክራቫቴን ፈታሁ።

ደጅ ጠብቄ ያዝኳት። ሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ ምን አስቸኮለሽ ብዬ ጮህኩባት።

ነጠላዋን አስተካከለች።

"ስኳር አለብኝ ልጄ። ቆየብኝ።"

እንዴ! ሻይ ያለ ስኳር የምትጠጣው እኔ ሚስት እስካገባ ድረስ ተስላ እንደሆነ ነግራኝ ነበር! እኔ ሞኙ በዚህ ስእለት ተጨንቄ ስንቷን ልጅ አግቢኝ ብዬ ተባርሬአለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም።

ለምን ደበቅሽኝ አልኳት፤ ድምፄ ግን እንደ ቅድሙ አልወጣም።

"በሽተኛ የሚመልስ ቤት ነው የምትሠራው። እናቴን ተቀበሉልኝ ብትላቸው ያሳፍሩሃል። ዝም ብትል ደግሞ ሆድህን ይበላሃል። ከሁለቱም ላድንህ ብዬ ነው።"

ስንት ጊዜ ብቻዋን ሐኪም ቤት ሄዳ ይሆን? ፈራሁ፣ እውነቴን ነው፤ እዚያው ደጁ ላይ እንባዬ መጣ። እሷ ደግሞ ሰው ያይሃል ብላ ተቆጣችኝ።

አሁን ኢንተርኔት ቤት ተጎልቻለሁ። አለቃዬ ስንት ሰው ያዝክ እያለ ይደውላል። ምን ልበለው? የወለደችኝም አመለጠችኝ ልበለው?

ለማላውቀው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ "ሕመም አለብዎት?" የሚል ነው፤ ሥራዬ ነው። እናቴን ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ብጠይቃትስ፣ ለእንደኔ ዓይነቱ እውነቱን ትነግረው ነበር?