ግልምጫ ያማረኝ ጊዜ

ሰው በምን ይቀናል ቢሉ፣ በሀብት ይቀናል፣ በሹመት ይቀናል፣ ጎረቤቱ በገዛው በሬ ይቀናል። ይህ ሁሉ ያለ ነገር ነው፤ ማንም አይደነቅበትም። እኔ ግን በግልምጫ ቀንቼ አውቃለሁ። አዎ፣ በግልምጫ። አንዲት ልጅ ጓደኛዬን እየገላመጠች እኔን አልገላምጥ ብትለኝ እህል አልወርድልህ ብሎኝ ከስቼ ነበር። ሞኝ እንዳትሉኝ። ብትሉኝም ግድ የለም፤ መጀመሪያ ግን አድምጡኝና ከዚያ በኋላ በሉኝ።

ነገሩ የሆነው ወላይታ ሶዶ ነው፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት። በእኛ ጉርምስና ወንድ ልጅ ሴት ልጅን በአፉ «ወደድሁሽ» ይላል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። አፍ የተፈጠረው እህል ለመቅመስ፣ አስተማሪ ሲጠይቅ ለመመለስና ታላቅ ሲያዝ «እሺ» ለማለት ነበር። የቀረውን ጉዳይ ሁሉ የሚያስፈጽመው ፊት ነው። ቅንድብ መልእክት ይልካል፤ ከንፈር ይመልሳል፤ የነጠላ ጫፍ ደግሞ ይመሰክራል። ልጅቱ ነጠላዋን ወደ ግራ ብታጣፋ አንድ ነገር ነው፣ ወደ ቀኝ ብታጣፋ ሌላ ነገር ነው፤ ምንም ሳታስብ ብታጣፋው ከሁሉ የባሰ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ጎረምሶቹ ተሰብስበን ሳምንቱን ሙሉ ስንተረጉመው እንሰነብታለን።

በዚህ ትርጓሜ ደግሞ እኔ የታወቅሁ ሊቅ ነበርሁ። ትምህርቱን ያገኘሁት ከቤቴ ነው። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሶዶ የቀረ ሰው ነው፤ እናቴም የዚያው የሰሜን አገር ልጅ ናት፣ ጨዋነቱን ከነኩርፊያው ይዛው መጥታለች። ታላቅ እህቴ ጥሩነሽ አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ በደጃችን ባለፈ ቁጥር ግንባሯን ቋጥራ ጀርባዋን ትሰጠው ነበር፤ አንዳንዴም በሩን በፊቱ ድርግም አድርጋ ትገባለች። እኔ በመካከላቸው ደም ያለ መስሎኝ ነበር። በዓመቱ ተጋቡ። ግራ ገብቶኝ እናቴን ብጠይቃት ሳቀችብኝና፣ ጨዋ ልጅ የወደደችውን ፊት ትነሳዋለች እንጂ ጥርሷን አታሳየውም፣ ጥርሷን የምታሳየው ለወንድሟና ለአጎቷ ነው አለችኝ። ይህችን ቃል እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኋት።

አሁን ወደ ዶርቃ እንምጣ። ዶርቃ የክፍላችን ልጅ ናት። ስምንተኛ ክፍል ነን፤ ሴቶቹ ጥቂት ስለ ሆኑ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። አባቷ ሚሲዮኑ ሐኪም ቤት ድሬሰር ናቸው፤ ቤታቸውም እዚያው ግቢው አጠገብ ነው። መልኳን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ እናንተም ትቀናላችሁ። ከኋላዋ እኔና አንጁሎ እንቀመጣለን። አንጁሎ የጉኑኖ ልጅ ነው። ሰኞ ማለዳ ቆጮውንና ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር በከረጢት ተሸክሞ በእግሩ ይመጣል፤ ሳምንቱን ዘመድ ቤት ያድርና ዓርብ ወደ አገሩ ይመለሳል። ልቡ የዋህ፣ እጁ ትልቅ፣ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ በኃይል ሳያራግፍ አንድ ፊደል የማይጽፍ ልጅ ነው። ከእኔ ጋር የነፍስ ወዳጆች ነን፤ ከትምህርት ቤት ስንወጣ እንደ ጊዜው ልማድ ጣት ለጣት ተቆላልፈን ነበር የምንሄደው።

ታዲያ ዶርቃ ጠዋት በር ላይ ስታገኘኝ ትስቅልኛለች። ፈገግ ትላለች አላልሁም፤ ትስቃለች። እጇን ዘርግታ፣ ዓይኔን እያየች፣ «ሳሮ፣ እንዴት አደርክ» ብላ በወላይትኛም በአማርኛም ሰላምታ ሰጥታ፣ ጥርሷን ከዳር እስከ ዳር። አንጁሎን ስታየው ግን ያ ሁሉ ብርሃን ይጠፋል። ግንባሯ ይቋጠራል፤ ከንፈሯ ይሾላል፤ ከእግር እስከ ራሱ ትገላምጠውና ነጠላዋን ጎተት አድርጋ ታልፋለች። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ደስ ይለዋል። እኔ ግን የእናቴ ልጅ ነኝ። ጥርሷ ለእኔ፣ ግንባሯ ለእሱ! ወንድሟ አድርጋኛለች ማለት ነው። አለቀልኝ።

ቀናሁ። የቅናት ነገር እንደ አገራችን ዳጣ ነው፤ ሲቀምሱት ምላስ ላይ ብቻ የሚቀር ይመስላል፣ ቆይቶ ጆሮ ድረስ ይወጣል። አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ክፍልፋይ ሲደምሩ እኔ የዶርቃን ማጅራት እጠብቃለሁ። አሁን ወደ አንጁሎ ዞራ ትገላምጠው ይሆን? ትዞራለች፤ ትገላምጠዋለች። እሱ አንገቱን ይደፋል፤ እኔ እቃጠላለሁ። አንገቱን መድፋቱንም አላመንሁትም። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ነውና፣ ደስታውን ሊደብቅብኝ ነው አልሁ።

ቆይቼ ግልምጫ ልለምን ተነሳሁ። የሰው ልጅ ግልምጫ ሲለምን አይታችሁ ታውቃላችሁ? መንገዷ ላይ ተገትሬ አላሳልፍ ብላት ስቃ በጎን አለፈች። እርሳሷን ሳላስፈቅድ ባነሳባት፣ ውሰደው፣ እኔ ሌላ አለኝ አለችኝ። አንድ የዝናብ ቀን ሆን ብዬ ጭቃ ረግጬ ቀሚሷ ላይ ብረጭባት ሳቀችና የእኔን ሱሪ በጣቷ አሳየችኝ፤ ለካ ከሷ ይልቅ የተበላሸሁት እኔ ነበርሁ። ሌላዋ ብትሆን ሰድባ ለሰዳቢ ትሰጠኝ ነበር። አንጁሎ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ የሚያፍሰውን ግልምጫ እኔ ለፍቼ አጣሁት።

አንድ ዓርብ አንጁሎን ወደ ጉኑኖ በሚወስደው መንገድ ልሸኘው ወጣሁ። የዳሞታ ተራራ ጉሙን ተከናንቧል። እንደ ልማዱ ጣቱን ሰጠኝ፤ አልተቀበልሁትም። ጥቂት እንደ ሄድን እጁ ባዶውን መንጠልጠሉን አየና ምን ሆንክ አለኝ። ምንም አልሁት። አኩርፈሃል አለኝ። አላኮረፍሁም አልሁት፣ ባኮረፈ ድምፅ። በመጨረሻ የሆዴ ነገር ገንፍሎ ወጣ።

«ዶርቃ በፍቅርህ ልታብድ ነው፤ አንተ ደግሞ የማታውቅ ትመስላለህ» አልሁት።

አንጁሎ ቆመ። «እኔን? ዶርቃ እኔን ሲያይ መራራ ቅል የነከሰ ነው የሚመስለው።»

የአንጁሎ አማርኛ ያን ጊዜ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ መንገድ ያስኬድ ነበር፤ የእኔ ወላይትኛ ከዚያ የባሰ ስለ ነበረ አንሳሳቅም። እዚያው ጎዳና ላይ ቆሜ ትርጓሜውን አወረድሁለት፤ የጨዋ ልጅ ጥርስ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ የጨዋ ልጅ ግንባር ምን ማለት እንደ ሆነ፣ እህቴንና የፖስታ ቤቱን ሠራተኛ ምስክር ቆጥሬ። አንጁሎ አፉን ከፍቶ አደመጠኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ ስለ ዶርቃ ምንም አስቦ እንደማያውቅ ከፊቱ ላይ አነበብሁ፤ በዕድሜዬ በትክክል ያነበብሁት ፊት ቢኖር ያ ነው። ከዚያ ተሰናበተኝ። ቁልቁለቱን ሲወርድ ዘለል ዘለል ያለ መሰለኝ።

ሰኞ ጠጉሩን አበጥሮ መጣ። በዕረፍት ሰዓት እኔ ክፍል ውስጥ ነበርሁ፤ በመስኮት ሳይ ቀጥ ብሎ ወደ ዶርቃ ሄደና አንድ ነገር አላት። ዶርቃም እንደ መቆጣት አለችና ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። ጀርባዋን! እህቴ ጥሩነሽ ራሷ እዚያ ደረጃ ለመድረስ ወራት ፈጅቶባት ነበር። የዚያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በትርጓሜዬ መሠረት ወደ እኔ። ሳምንትም አልቆየ፣ ዶርቃ አንጁሎን ስታየው መሳቅ ጀመረች። እሰይ! ወንድሟ ሆነ፤ ከመንገዴ ወጣልኝ። እኔም በበኩሌ መኩራት አለብኝ ብዬ ሳቅ ስትሰጠኝ ፊቴን አዞር ጀመር። «ሳሮ» ትለኛለች፤ ዳሞታን አያለሁ። እጇን ትዘረጋለች፤ እጄን ኪሴ እከታለሁ። ሳቋ ቀስ በቀስ አነሰ። ፊቷ ከፋው። ጀመራት አልሁ! አንድ ጠዋት ጨርሶ ሳትስቅ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ ነጠላዋን ጎትታ፣ ሰላም ሳትለኝ አለፈች። ያን ቀን ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። ለአንጁሎ እንኳ አዘንሁለት፤ ጣቴንም መለስሁለት።

ዓመታት ሄዱ። አንጁሎ መምህር ሆኖ አረካ ተመደበ። ዶርቃ ሐኪም ቤት ሥራ ገባች። እኔ አባቴ ያለበት ፍርድ ቤት ተቀጠርሁ። ከተማ ውስጥ ባገኘኋት ቁጥር ፊቷን ታጨፈግግልኛለች፤ እኔም ልቤ ሞቅ ብሎት እገባለሁ። ሽማግሌ ማንን ብንልክ ይሻላል እያልሁ ከእናቴ ጋር መምከር ጀምሬ ነበር። በዚህ መካከል አንጁሎ ከአረካ መጣ፣ ጣቱን ከጣቴ ቆለፈ፣ ዶርቃን ላገባ ነው አለኝ።

«ታ ኢሻው» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ያን ቀን መንገድ ላይ አንተ ባትነግረኝ ኖሮ እኔ እሷን ቀና ብዬ አላያትም ነበር። ሚዜዬ አንተ ነህ።»

አማርኛው ተስተካክሏል፤ እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ገባችኝ። ያን ሰኞ፣ ትወደኛለች ብሎ ቢሄድም ግልምጫው አላስችል ብሎት ምን አድርጌሽ ነው ብሎ ጠይቋት ኖሯል። በአፉ! ዞር ያለችው ደግሞ የነጠላዋን ጀርባ ልታሳየው ነው። ብዕሩን ባራገፈ ቁጥር ቀለሙ እየተረጨባት ነጠላዋ እንደ ጅግራ ዝንጉርጉር ብሏል። ነጠላውን ለምኖ ወሰደና እህቱ ጉኑኖ ላይ በሎሚ አሽታ፣ በእንዶድ አጥባ መለሰችለት። እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ ዓመቱን ሙሉ ስጠብቃት ከማጅራቷ ዝቅ ብዬ አይቼ አላውቅም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ።

ሚዜ ሆንሁ። ምን ላድርግ? መዝሙሩን ቆሜ ሰማሁ። ከጸሎት በኋላ ፎቶግራፍ አንሺው ደጅ ላይ ደረደረንና፣ ቦታው ስለ ጠበበ እኔን በሙሽራይቱ በኩል አቆመኝ። እንዳትነቃነቁ፣ እንዳትስቁ ብሎ አዘዘ፤ ያን ጊዜ ፎቶ ፊት የሚሳቅ አልነበረም። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ሲጎነበስ ዶርቃ ወደ እኔ ሳትዞር፣ ከንፈሯን እንኳ ብዙ ሳታንቀሳቅስ፣ ተናገረችኝ።

«ዓመት ሙሉ ሳቅሁልህ። ምን አድርጌህ ነበር?»

ለካ በነዶርቃ ቤት ሳቅ ማለት ሳቅ ነበረ፤ ቁጣም ቁጣ። ሰውን ዓይኑን አይቶ፣ የወደዱትን ስቀው መቀበል ነው የተማሩት። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ለመተርጎም ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ሊቅ አለመሆን ነው የሚያስፈልገው። እናቴን ልክሰስ? ስንት ጠዋት ያስቀረሁባትን ሳቅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ልመልስላት ፈልጌ ይሁን፣ ወይም እንዳላለቅስ ይሁን፣ እንጃ፣ ጥርሴን አወጣሁት። መሣሪያው ቀጭ አለ።

ፎቶው ዛሬም አረካ እነሱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አንጁሎ እንደ ዳኛ ተኮሳትሮ፣ ዶርቃም ተኮሳትራ፣ እኔ በወዲያኛው በኩል ጥርሴን ከፍቼ። የማያውቃቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀርቦ ያየውና ጣቱን እኔ ላይ አሳርፎ፣ ሙሽራው ይህ ነው? ይላል። አንጁሎ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔም እዚያ ካለሁ ዝም እላለሁ፤ የማስተካከል ግዴታ የለብኝም። አይደለም ብላ የምትመልሰው ሁልጊዜ ዶርቃ ናት። እንዲያ ስትል ፊቷ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ፤ እኔ ያን ጊዜ የማየው መሬት መሬት ነው።