ጋሽ ይርዳው በሼፍ ሶስና ቤት

ጋሽ ይርዳው ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አዩ። ሕልም የሌሊት ነው የሚል ሰው ካለ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በአውቶቡስ ይሂድና ይሞክረው፤ ያውም በባዶ ሆዱ።

ሆዳቸው ባዶ የሆነው ግን ምግብ ጠፍቶ አይደለም። አውቶቡሱ ቡታጅራ ላይ ለምሳ ቆሞ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ሆ ብሎ ወርዶ ምግብ ቤት ሲገባ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ወዲያና ወዲህ አዩ። ሚስታቸው አስካለ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ገብተው ለአንድ ሰው ማዘዝ ይከብዳቸዋል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል እየሰሙ ነው ያደጉት። ከጎናቸው ተቀምጣ የመጣችው ወይዘሮ ዘርትሁን፣ "ጋሼ፣ ይምጡ እንብላ እንጂ" ስትላቸው አፋቸው ከሆዳቸው ቀደመና፣ "ኧረ እኔ በልቻለሁ፣ ይስማማሽ" አለ። አንዴ ደግማ ብትለምናቸው ኖሮ ይገቡ ነበር። ወጉም ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው ጥሪ ለሰላምታ፣ ሁለተኛው ለይሉኝታ፣ ሦስተኛው ለመብላት። ዘርትሁን ግን እሷም ርቧት ነበርና አልደገመችም። ጋሽ ይርዳው ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አውቶቡሱ ከከተማው ወጣ እንዳለም እንቅልፍ ጣላቸው።

በሕልማቸው አውቶቡሱ ዳገት ላይ ደከመው። ተሳፋሪዎቹ ወርደው በትከሻቸው ተሸከሙት። ሾፌሩ የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ፣ "ቀስ በሉ እንጂ! አንገጫገጫችሁኝ እኮ!" እያለ ይቆጣል። ጋሽ ይርዳው በግራ በኩል ጎማ ሥር ነበሩ፤ ምንም አልከበዳቸውም፤ የከበዳቸው ሆዳቸው ነው። ዳገቱ ሲያልቅ ጣራው ከታች፣ መሠረቱ ከላይ የሆነ ትልቅ ቤት አገኙ። በቴሌቪዥን የምትታወቀው የሼፍ ሶስና ምግብ ቤት ነበር። ልጃቸው ምሕረት የዚህችን ሴት ፕሮግራም ሳታይ የዋለችበት እሑድ የለም።

በሩ ላይ ዘበኛው ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ "ፈትሹኝ" አላቸው።

ጋሽ ይርዳው ፈተሹት። ኪሱ ውስጥ አንድ ጭልፋ ብቻ ተገኘ። "እለፍ" ሲሉት አመስግኖ ወደ ቤቱ ሄደ።

ውስጥ ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ወጥ ቤቶቹ ናቸው። እያንዳንዳቸው ከተመጋቢ ጋር ፎቶ ለመነሳት ይጋፋሉ። ሼፍ ሶስና ራሷ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆማ ነበር፤ ጋሽ ይርዳውን ስታይ ግን መታገስ አቃታት።

"ጋሽ ይርዳው! በእውነት እርስዎ ነዎት? ሲበሉ እያየሁ ነው እኮ ያደግኩት!"

"እኔን? የት አየሽኝ ልጄ?"

"በቴሌቪዥን ነዋ! እሑድ እሑድ ወይዘሮ አስካለ ሲያቀርቡልዎ። አፍዎን ሲጠርጉማ እናቴ እልል ትል ነበር።"

ሽርጧን ዘርግታ እንዲፈርሙላት ለመነቻቸው። ጋሽ ይርዳው ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ከመፈረማቸው በፊት የሽርጡ ጠርዝ መተርተሩን አዩና መርፌ ጠየቁ። መርፌ አልነበረም። ቅር እያላቸው ፈረሙ።

ከዚያ የተሻለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው። በግራቸው አንድ በሬ ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ ሦስት ገበሬዎች በየተራ ያጎርሱታል። በቀኛቸው ደግሞ አንዲት ዶሮ መነጽር አድርጋ እንቁላል ጠብሰው ያቀረቡላትን ሰዎች ትገስጻለች፤ "ይህ የማን ልጅ ነው?" ትላለች።

አስተናጋጁ በግ ነበር። ሙሉ የሱፍ ልብስ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ቁጭ ያለ ጥሩ ስፌት ነው። ሱፉ የራሱ ይሁን የዘመድ ጋሽ ይርዳው አልጠየቁም።

"ምን ልታዘዝ ጌታዬ?" አለ በጉ።

ጋሽ ይርዳው ከቤታቸው ጀምሮ ያማራቸው ጥብስ ነበር። ግን በግ ፊት ቆሞ ሰው እንዴት ጥብስ ያዛል? ጨነቃቸው። ወደ በሬው ቢያዩ በሬው ደግሞ ያያቸዋል። አፋቸው እንደ ልማዱ ቀደመ።

"ኧረ ምንም። እኔ በልቻለሁ።"

በጉ አጨበጨበ። "ጋሽ ይርዳው በልተዋል!" ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ፣ "በልተዋል! ተመስገን!" አለ። ወዲያው የእጅ ውኃና ስቴኪኒ ቀረበላቸው። ሳህኖች ግን በእግራቸው እየሄዱ፣ እንፋሎታቸውን እየለቀቁ፣ እሳቸውን አልፈው ወደ ሌሎች ጠረጴዛዎች ሄዱ።

ጋሽ ይርዳው ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቁ። ማንም አልጠራቸውም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጥሩ ይሸታል" አሉ ለበጉ።

"አመሰግናለሁ።"

"ሽንኩርቱ በደንብ የበሰለ ይመስላል።"

"በደንብ በስሏል።"

"ለቀመሰው ሰው... ይጣፍጥ ይሆናል።"

"በጣም ይጣፍጣል" አለ በጉና ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ሄደ።

ጋሽ ይርዳው ሼፍ ሶስናን በምልክት ጠሯት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው አንዴ እንቢ ካለ በኋላ አይለመንም እንዴ?" አሏት።

ደነገጠች። "በልቻለሁ ያለን ሰው ብላ ብሎ መለመን? ውሸታም ብሎ መስደብ አይሆንም?"

"ታዲያ የራበው ሰው ምን ያደርጋል?"

"ራበኝ ይላል።"

"በቃ?"

"በቃ።"

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል አልሰማሽም?"

"ምግብም አይገባም" አለች ሼፍ ሶስና፣ ሳትስቅ።

ጋሽ ይርዳው አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ አልመጣም። መቼ ብለውት ያውቃሉ? አስካለ እያለች ማለት አላስፈለጋቸውም። ከሱቅ ሲገቡ የጫማቸውን ኮቴ ሰምታ ምን ያህል እንደራባቸው ታውቅ ነበር፤ ከሞተች በኋላ ደግሞ የሚነግሩት ሰው ጠፋ። ምሕረት በየቀኑ እየደወለች፣ "ምሳ በላህ?" ስትላቸው፣ "በልቻለሁ" ነው መልሳቸው። ሱሪያቸውን ራሳቸው ሁለት ጊዜ አጥብበውታል። አስካለ ትዝ ስትላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

በዚህ መሀል ቤቱ ሊዘጋ ሆነ። በሬው ጠግቦ በገበሬዎቹ ታዝሎ ወጣ። ሳህኖቹ ተራ በተራ ወደ በሩ አመሩ። መጨረሻ የቀረው አንድ የጥብስ ሳህን ብቻ ነበር፤ ሮዝመሪው ከላዩ፣ ቃሪያው ከጎኑ። እሱም ዞር ብሎ አያቸው፣ ትንሽ ጠበቃቸው፣ ከዚያ አንድ እግሩን ደፉ ላይ አሳረፈ። ጋሽ ይርዳው ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡና ባላቸው ድምፅ ሁሉ ጮኹ፤

"ራበኝ!"

ነቁ።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆመዋል። አንድ እጃቸው የፊተኛው ወንበር ላይ ያለ የማያውቁት ሰው ጭንቅላት ላይ ነው። ወሬው ሁሉ ቆሟል። ሾፌሩ ሙዚቃውን ዘግቶ በመስታወት ያያቸዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

"እኔን!" አለች ዘርትሁን ደረቷን ይዛ። "በልቻለሁ ብለውኝ አልነበር ጋሼ? ምነው ደግሜ በለመንኩዎት! በእኔ ጥፋት!"

ለዘመዷ የያዘችውን ምሳ ዕቃ ከእግሯ ሥር አውጥታ ከፈተችው። ቆጮና ክትፎ ነበር። ከኋላ አንድ ወታደር ዳቦውን ለሁለት ገምሶ አሳለፈ። አንዲት ልጅ ያዘለች እናት ሙዝ ሰጠች። "ቆሎ! ቆሎ አሳልፉላቸው!" አለ አንዱ። ጭንቅላቱን የተያዘው ሰውዬ ሳይቀር ብርቱካን ልጦ አቀበላቸው። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመና፣ "እሳቸው ሳይጠግቡ አልነዳም" አለ። የቸኮለ መንገደኛ እንኳ አላጉረመረመም።

ጋሽ ይርዳው እያፈሩ ጎረሱ። ሁለተኛውን ሲጎርሱ እፍረቱ ቀለላቸው። ሦስተኛው ላይ እንባቸው መጣ፤ አልጠረጉትም። ይህ ሁሉ ሰው እንጀራውን ይዞ ከጎናቸው ተቀምጦ ኖሯል። ለካ አንድ ቃል ነበር የጎደለው! በልባቸው ፈጣሪን አመሰገኑ፤ በአፋቸው እንዳያመሰግኑ ሞልቷል።

ስልካቸው ጮኸ። ምሕረት ነበረች።

"አባዬ፣ የት ደረስክ? ምሳ በላህ?"

"በልቻለሁ!" አሉ እያላመጡ። ከስንት ጊዜ በኋላ እውነቱን ተናገሩ።

"ውሸትህን ነው!" አለች ምሕረት። "እስኪ ከጎንህ ያለውን ሰው አገናኘኝ።"

ዘርትሁን ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ያዘችው። "አታስቢ የኔ እህት፣ ገና መጀመራችን ነው" አለችና ከቅድሙ የገዘፈ ጉርሻ ጠቀለለች።

"ኧረ በሞቴ፣ ጠግቤያለሁ!" አሉ ጋሽ ይርዳው።

ማን ይመናቸው።