ጋሽ ገረመው በሁሉም ቤት ስልክ ያነሳሉ

ሐበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ፣ በሌላው ሰው ስም ስልክ የሚያወራ አንድ ሰው አይጠፋም። የኦክላንዱ የእኛው ክቡርነታቸው ጋሽ ገረመው ናቸው፤ ነዋሪነታቸው ፍሩትቬል ሰፈር፣ ሥራቸው ፓርኪንግ፣ ማዕረጋቸው በገዛ ሹመታቸው የሁላችን አፍ።

«ጫማ ሳያደርጉ ከአሠሪ ጋር አይወራም» ይላሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ካላጠበቁ መነጋገሪያውን አያነሱም።

«ያየናል እንዴ ጋሼ?» ብላ ከእኛው አንዷ ነጃት ብትጠይቃቸው፣ «ባዶ እግር ይሰማል» አሏት። «እንግሊዝኛ ደግሞ ከሆድ ነው። ከጉሮሮው የሚያወጣውን ማን ይቀጥረዋል?»

የሚያስፈራው እንግዲህ ሲያነሱ ነው። ያ ሳል የማይለየው ቀጭን ድምፃቸው ይጠፋና ወፍራም፣ የተረጋጋ፣ የማናውቀው ሰው ድምፅ ይመጣል። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ይቀራል። አንድ ጊዜ በእኔ ፈንታ ለአሠሪ ሲደውሉ «የያለምዘውድ ባል ነኝ» አሉ፤ ባል እንደሌለኝ እያወቅሁ ዞር ብዬ በሩን አየሁ።

አሠሪ ቢደውልስ ተብሎ ሰው ሳይኖር ስልክ በሚመልሰው የሁላችንም አንሰሪንግ ማሽን ላይ የተቀዳው የእሳቸው ድምፅ ነው። ኤል ሴሪቶ ደውሉ፣ ሳንሆዜ ደውሉ፣ ሰው ከሌለ ያው ሰውዬ ነው የሚያነሳው። ጓደኛችን አይናዲስ አንድ ቀን ከሰዓት ሰው ፍለጋ ቤት ለቤት ብትደውል ሁሉም ጋ እሳቸው ሆኑባት፤ ሳምንት ሙሉ ስልክ አልነካችም።

የኔፓሉ ልጅ ታራናት የጋሼን የኋላ ክፍል ሲከራይ እሱም ተጠቃለለ። ፍሪሞንት ያለ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሥራ ሲጠይቅ፣ ሳንሆዜ ላለው ማናጀር የስልክ ኢንተርቪውን ታራናት ሆነው የሰጡት ጋሼ ናቸው። ልጁ በጊዜያዊነት ተቀጠረ። ችግሩ፣ ማናጀሩ የቀጠረው ያንን ድምፅ ነው። ስለዚህ ታራናት ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ከጋሼ ፊት ቁጭ ይልና ከሆዱ መናገር ይማራል።

ከዚያ ጋሼ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ሆኑ። ድምፃቸው አልተመለሰም። በዚያው ሰሞን ለታራናት መልእክት መጣለት፦ ማናጀሩ ቅዳሜ ኮል ያደርግልሃል፤ ወይ ቋሚ ትሆናለህ፣ ወይ ሥራው በዚያው ያበቃል።

ቅዳሜ ለጋሼ ሾርባ ይዤ ሄድኩ። ሁለቱም ጫማቸውን ጥብቅ አድርገው አስረው ስልኩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጋሼ በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ። ስልኩ ጠራ።

ታራናት ጀርባውን ሰጥቶን አነሳ። «ሃሎ» አለ።

ሾርባውን መሬት አስቀመጥኩ። የጋሼ ድምፅ ነው፤ ያው ወፍራሙ፣ ያው የተረጋጋው፣ ከኔፓሉ ልጅ ሆድ። ጋሼ ከኋላው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ታራናት አያያቸውም። ከንፈራቸው ግን አንድ ቃል ይቀድማል፤ እሳቸው ይላሉ፣ ቀጥሎ ከእሱ ይሰማል።

የማናጀሩ ጥያቄ ከመነጋገሪያው አልፎ ይሰማኛል። «የብየዳውን ጭስ የሚስበው ማሽን ቢቆም ምን ታደርጋለህ?»

የጋሼ ከንፈር ቆመ። ይህን ከየት ያውቁታል? ድምፁም አብሮ ቆመ።  ቆይቶ አንድ ቀጭን፣ የሚደናቀፍ፣ ጨርሶ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ መጣ፤ የታራናት የራሱ።

«አይ ስቶፕ። አይ ቴል ኤቭሪባዲ፣ ስቶፕ። ዜን አይ ኮል ዩ።»

ማናጀሩ ጠየቀው። «ዛሬ ጉንፋን ይዞሃል?»

«ኖ ሰር» አለ ታራናት። «ዚስ ኢዝ ሚ።»

«መልሱ ልክ ነው። ሰኞ ቋሚ ሆነህ ትጀምራለህ።»

ጋሽ ገረመው ጎንበስ አሉና የጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱ። ትከሻቸው ይርገፈገፋል፤ ይሳቁ ያልቅሱ፣ ድምፅ ስለሌለው አልለየሁትም።

አሁን ሁሉም ማሽኑን በራሱ ድምፅ እየቀየረ ነው። ልጄ ፀደይም «ማሚ፣ ክሪፒ ነው፣ ያስፈራል፣ ቼንጅ ኢት» ትለኛለች። እኔ አልቀይርም። ሥራ ቦታ ዕረፍት ስንወጣ፣ ቤት ማንም እንደሌለ እያወቅሁ እደውላለሁ። በዚያ በማይታመም ድምፅ «የያለምዘውድ ባል ነኝ፤ ለጊዜው የለችም» ይሉኛል።

ከመደወሌ በፊት ግን ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስራለሁ።